የመጀመሪያዋ «አይ» እና የባሕሩ ጉባኤ

እኛ ወሎዎች የመጀመሪያዋን «አይ» አንቆጥራትም። ቤታችን የመጣ ሰው «ብላ» ሲባል «ኧረ በልቻለሁ» ካለ፣ ገና ሰላምታ ላይ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ ሲባል «ወላሂ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ እዚህ ላይ ወደ ትሪው ጠጋ ማለት ጀምሯል። «በሞቴ!» ሲባል ግን ምን ያድርግ? ሰው ይሙትበት? እጁን ታጥቦ ይቀርባል፣ ትሪውንም እስኪያበራ ይጠርገዋል። የእኛን ነገር የማያውቅ ሰው «አልፈልግም ብሎ አልነበር እንዴ?» ይል ይሆናል። አዎ፣ ብሎ ነበር። በመጀመሪያ ቃል «እሺ» የሚልን ሰው ግን እኛ ራበው አንልም፤ አሳዳጊ የበደለው እንላለን።

ንግግርም እንደዚያው ነው። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት «እስቲ አንተም በል» የተባለ ሰው መልሱ «ኧረ እናንተ እያላችሁ!» ነው። «ግዴለም በል» ይሉታል። «ምን አውቄ» ይላል። «በሞቴ በል» ይሉታል። ከዚህ በኋላ ጉሮሮውን ይጠርግና እስከ ምሳ ሰዓት ሲናገር ይውላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚሉት አባቶች፣ ደጃዝማችነቱን ሰጪው ተናጋሪውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መለመን እንዳለበት ሳይነግሩን አለፉ። ያም ሆኖ ይህ ሥርዓት በሠርጉም በሐዘኑም ለእኛ ሲሠራ ኖሯል። ያልሠራበትን የመጀመሪያ ቀን አውቀዋለሁ። ያም እኔ መርሳ ላይ ቁጭ ብዬ የዓለምን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ዕጣ ፈንታ ልወስን በተሰየምኩበት ዕለት ነው።

«አንተን ደግሞ ከባሕር ጋር ምን አገናኘህ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራዬ ወልዲያ ላይ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ሲተርፈኝ ከሀብሩ ተራሮች ወርዶ የገበሬውን ማሳ የሚጠርገውን ጎርፍ አጠናለሁ። በዕድሜዬ ያየሁት ትልቁ ውሃ ወደ ደሴ ስሄድ ወርጄ ያየሁት የሐይቅ ሐይቅ ነው። «አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የተባለው ለእኔ ነው፤ ለነገሩ አባይንም አላየሁም።

እኔን ተዉኝና ወንዞቻችን እንኳ ባሕር አያውቁም። የመርሳና የግራና ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ፣ አገር ይያዝልኝ እያለ ወደ አፋር ይወርዳል። እዚያ አዋሽን ያገኛል። አዋሽም ተሸክሞት ይሄድ ይሄድና ባሕሩ ደጃፍ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በረሃ ውስጥ ይቀራል። ለተማሪዎቼ ምክንያቱን በመሬት አቀማመጥ አስረዳቸዋለሁ። በልቤ ግን ሌላ ነው የማስበው፦ የእኛን ውሃ የቀላቀለ ወንዝ ይሉኝታ ይዞት «ኧረ አልገባም» ብሎ ይሆናል፣ ባሕሩም «በሞቴ ግባ» ሳይለው ቀርቶ ይሆናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ባለማወቄ ነው የተመረጥኩት። አንድ ቀን ኢሜል መጣልኝ። የባሕር ዳርቻ ከተሞችን ከሚመጣው የአየር ንብረት ለውጥና ከሚያብጠው ባሕር ለማዳን መመሪያ የሚያዘጋጅ አማካሪ ቡድን ተቋቁሟል። አባላቱ ሁሉ ከባሕር ዳር የመጡ ናቸው። ለሚዛን ሲባል ባሕር ከሌለው አገር አንድ ሰው ተፈለገ፣ ስለ ጎርፍ የጻፍኩትን ያነበበ ሰውም እኔን ጠቆመ። የቡድኑ ሙሉ ስም ረጅም ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ሰላሳ ጊዜ ሰምቼው እኔም መሀሉ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል።

ወሬው ወልዲያን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ባልደረቦቼ «አድሚራል» አሉኝ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ቡድኑ አማካሪ መሆኑ ተረሳና እኔ ወደብ ላመጣ የተላክሁ ሰው ሆንኩ። ፀጉር ቆራጬ ምላጩን አንገቴ ላይ አሳርፎ «ወደቡ መቼ ነው ታዲያ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው «በቅርቡ» ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ስለ ቡድኑ አባላት ግን ቀልዴን ልተውና እውነቱን ልናገር። ጥሩ ሰዎች ናቸው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን የማውቀው በዜና ነበር፤ ከረቫት አስረው፣ ሥዕላዊ መግለጫ ፊት ቆመው፣ ከውሃው ይልቅ ስለ ውሃው የተጻፈውን የሚፈሩ ይመስለኝ ነበር። ሊቀመንበሯ በወጣትነቷ የተወለደችበት መንደር አንድ ሌሊት በማዕበል ሲወሰድ አይታለች። ስለዚያ ስታወራ ድምጿ አይለወጥም፣ እጇ ግን ብዕሩን ይፈታል ይገጥማል። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ደግሞ አሉ፤ ከደሴት ናቸው። የምንሰበሰበው በኢንተርኔት ነው፤ አንድ ቀን የአባታቸውን መቃብር ፎቶ አሳዩን። ፎቶው ላይ መቃብር የለም፣ ውሃ ብቻ ነው። «እዚህ ጋ ነበር» ብለው በጣታቸው ነኩት። ያን ቀን እኔ ማይክሮፎኔን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ካሜራዬም ዝግ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከሚጽፉት መመሪያ ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ባሕሩ በማዕበል ጊዜ የሚደርስበት የዳርቻ መሬት ባዶ ይሁን፣ ዛፍ ይተከልበት፣ የሚኖሩበት ሰዎች ይነሱ። የሰው ነፍስ ለማዳን ነው። ማን ይቃወማል? እኔም አልተቃወምኩም፤ እትዬ ዘይነባን እስካገኝ ድረስ።

እትዬ ዘይነባ መርሳ ያለው የወላጆቼ ቤት ጎረቤት ናቸው። መናኸሪያው በር ላይ ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ። እኔን አዝለው ስላሳደጉኝ ዛሬም ድረስ ዶክተር የሚሉኝ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም «አብሽር፣ ትሆናለህ» ብለው ይቀጥላሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሉባባ። እንደ ብዙ የሀብሩ ልጆች በበረሃው በኩል ወጥታ ከአፋር ወዲያ ያለች አንዲት የወደብ ከተማ ገባች። ብዙዎቹ ባሕሩን ይሻገራሉ፤ እሷ ግን ባሕሩን አይታ ፈራችና እዚያው ዳርቻው ላይ ቀረች። ከቆርቆሮ የሠራቻት ክፍል አለቻት። በበሩ ላይ ለወደብ ሠራተኞች ሻይና ብስኩት ትሸጣለች፤ ከኋላው ትተኛለች። መርሳ ያሉት እናትም እዚያ ያለችው ልጅም የሚኖሩት ከዚያች ቆርቆሮ በሚገኘው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከወልዲያ ስመጣ እትዬ ዘይነባ መናኸሪያው ላይ ያዙኝ። ሉባባ ደውላ ነበር። የከተማው ሰዎች መጥተው የመንደሩን ቆርቆሮ ሁሉ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገውበታል። «ትልልቅ አዋቂዎች ስለ ባሕር የሚጽፉት ሲያልቅ ትነሳላችሁ» ብለዋቸዋል። ወዴት እንደሚሄዱ ግን የነገራቸው የለም። እትዬ ዘይነባ ዓይን ዓይኔን እያዩ «እነዚያ አዋቂዎች የተባሉት የአንተ ጓደኞች ናቸው አሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው አልኳቸው። ምን ልበል? «እና ልጄን ባሕር አይውሰድብኝ ብለህ ነው የምታስነሳት?» አሉ። አዎ። «ደግ። አላህ ይስጥህ። ግን የት ልትሄድ ነው?» አንቀጹን በልቤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ዛፉ የት እንደሚተከል በደንብ ተጽፏል፤ ሰዉ የት እንደሚተከል የለም። ያን ሁሉ ጊዜ ስናነበው ማናችንም አላየነውም፣ እኔም ጭምር።

ወዲያው ቃል ገባሁላቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንቀጹ ሊጸድቅ ነው፣ ከዚያ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጨምራለሁ አልኩ፦ ማንም ሰው የሚሄድበት ቦታ ሳይዘጋጅለትና እሱ ራሱ ሳይጠየቅ አይነሳ። እትዬ ዘይነባ ዓረፍተ ነገሯን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና «ይህችማ ቀላል ናት» አሉ። እዚያው የመኪናው ጡሩንባ በሚያደነቁርበት መሀል እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ምላስህን ይፍታልህ» ብለው ዱአ አደረጉልኝ። አሚን አልኩ። ያች ዱአ የምትደርስበትን ሰዓት ግን ያኔ አላወቅኩም።

የስብሰባው ቀን ወልዲያ ላይ መብራት ጠፋ። ጄነሬተር ያለው ሆቴል ፍለጋ ሚኒባስ ይዤ ወደ መርሳ ወረድኩ። እትዬ ዘይነባም ማንጎአቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ሻሻቸውን አሳምረው፣ ሆቴሉ አዳራሽ ጥግ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ቋንቋውን እንደማይሰሙ ብነግራቸው «አንተ ስትናገር አፍህን አያለሁ፣ እሱ ይበቃኛል» አሉ። እንግዲህ ከፊቴ የዓለም አዋቂዎች፣ ከኋላዬ እትዬ ዘይነባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ግን የጨነቀኝ ገና በኋላ ነው። ያን ሰዓት ልቤ ሙሉ ነበር። ዓረፍተ ነገሯን በእንግሊዝኛ ስለማመድ ሰንብቻለሁ።

አንቀጹ ተነበበ። ሊቀመንበሯ ዙሪያውን ታዞር ጀመር። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ተናገሩ፤ ዳርቻው ባዶ ቢሆን ኖሮ በሕይወት የሚኖሩ የነበሩ ጎረቤቶቻቸውን በስማቸው ጠሩ። ሌላውም ተናገረ። ከዚያ ሊቀመንበሯ በፈገግታ ወደ እኔ ዞረችና «ከተራራ የመጣው ወዳጃችንስ? የምትጨምረው አለ?» አለች።

አለኝ! አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ! ከምላሴ ጫፍ ላይ ናት! ግን እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ የአባታቸውን መቃብር ባሕር የወሰደባቸው ሽማግሌ ተናግረው ገና ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ የመርሳ ልጅ ዘሎ «አዎ አለኝ» ይላል? የእናቴ ልጅ ይህን ያደርጋል? አፌ ከአእምሮዬ ቀድሞ የተማረውን ተናገረ። «ኧረ እናንተ እያላችሁ! ባሕሩን የምታውቁት እናንተ፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?» አልኩ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ደረቴን በእጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ።

ከዚያም ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ ታውቃላችሁ። «ግዴለም በል» እስክትለኝ ነው የምጠብቀው። ጉሮሮዬንም ጠርጌ ጨርሻለሁ። ሊቀመንበሯ «ስለ ትሕትናህ እናመሰግናለን» አለች። ቀጥላም «ተቃውሞ ከሌለ አንቀጹ ጸድቋል» ብላ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈች። የሚቀጥለው ጉዳይ ስለ ዓሣ ነበር። እኔ ስለ ዓሣ ምን ቸገረኝ? አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አፌ የተከፈተው ያኔ ነው።

ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ኋላ መዞር አቃተኝ። እትዬ ዘይነባ ግን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ጎንበስ ብለህ አየሁ። ነገርካቸው?» አሉ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ያለቅሳሉ ብዬ ነው። እሳቸው ግን በጣም ግራ ተጋቡ። «ቆይ ቆይ» አሉ፣ «አንተ እናንተ እያላችሁ አልክ። ደግ ብለሃል። እነሱስ?» እናመሰግናለን አሉኝ አልኳቸው። «ከዚያስ?» አለፉ። «በሞቴ አላሉህም?» አላሉኝም። «አንድ ጊዜ እንኳ? ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሰው?» ማንም። እትዬ ዘይነባ የተዘጋውን ኮምፒዩተር በሐዘን አዩት። «ወየው! እነዚህን ያሳደጋቸው ማነው?» አሉ።

ሰው በዚያ ቀን እንዲህ ያለ ፍርድ ሲያገኝ ይጽናናል ትላላችሁ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። የእሳቸው አለመቆጣት ከቁጣ ይብስ ነበር። ቃሌን የበላሁት በጨዋነት ነው፤ ሉባባ የምትነሳውም በእኔ ጨዋነት ነው። በማግስቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። የቡድኑ ጸሐፊ በትሕትና መለሰልኝ፦ የጸደቀ አንቀጽ የሚከፈተው ሊቀመንበሯ ራሷ ከመጨረሻው ስብሰባ በፊት እንዲከፈት ካዘዘች ብቻ ነው። ለሊቀመንበሯ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ጀመርኩ፣ ስንት ጊዜ ሰረዝኩ! «የምጨምረው የለም ያልኩት ስላለኝ ነው» የሚል ነገር በየትኛው እንግሊዝኛ ይጻፋል?

አላህ ሲያስብልኝ፣ ቡድኑ ውሃ ከተራራ እስከ ባሕር እንዴት እንደሚጓዝ ለማየት ተነሳና አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ሲያደርግ አንድ ቀን ወደ እኛ አገር ብቅ ለማለት ወሰነ። ውሃችን ባሕር እንደማይደርስ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ይቀሩብኝ ነበር። ሊቀመንበሯ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ከወልዲያ ተነስተን ጎርፉ የቆረሰውን ማሳ፣ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ወደ እርሻው የሚያስገባበትን ቦይ አሳየኋቸው። በፀሐዩ ፊቷ ቀልቶ፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች። ለምሳ መርሳ ስንደርስ እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሆቴል ይዤላቸው ነበር፤ ግን እሳቸው ባሉበት አገር እንግዳ ሆቴል ይበላል?

ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ። እርጎ ቀረበ። ሊቀመንበሯ በደንብ በላች፣ ከዚያ ሳህኗን ወደፊት ገፋ አድርጋ እጇን ሆዷ ላይ አኑራ «አመሰግናለሁ፣ ጠገብኩ» አለች። እኔ ተረጎምኩ። እትዬ ዘይነባ ፈገግ ብለው አንድ ጭልፋ ጨመሩላት። ሴትየዋ ይህን ደግሞ በጨዋነት በላችና «በእውነት ጠገብኩ፣ አልችልም» አለች። ተረጎምኩ። ሌላ ጭልፋ ተጨመረ። ሦስተኛ እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት እትዬ ዘይነባ «በሞቴ!» ብለው በጉርሻ ዘጉት።

ሴትየዋ ጉርሻውን እንደምንም ከዋጠች በኋላ በሹክሹክታ «እባክህ፣ አልፈልግም ማለቴን ንገራቸው» አለችኝ። ነግሬያቸዋለሁ አልኳት። «ታዲያ ለምን አያቆሙም?» አለች። አስረዳኋት። እዚህ አገር የመጀመሪያዋ «አይ» ጨዋነት ናት፣ አትቆጠርም፤ ደጋግሞ ያልለመነ ሰው የሰውየውን ሐሳብ አላወቀም ማለት ነው አልኳት። ልትስቅ ጀምራ ነበር፤ አልሳቀችም። ጭልፋው በአየር ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረች። ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም። «ያን ቀን» አለች፣ «እኔ ምን እጨምራለሁ ያልከኝ ቀን...»

አዎ አልኳት። አንገቴን ደፋሁ። «ምን ልትል ነበር?» አለች። አሁንም ያ ምላሴ «ኧረ ይቅር፣ አልፏል» ሊል ሲነሳ በጥርሴ ያዝኩትና ዓረፍተ ነገሯን ነገርኳት። የሉባባን ነገርም ነገርኳት፤ ጭልፋ ይዘው የቆሙት ሴት እናቷ መሆናቸውንም። ሴትየዋ ሳህኗን ወደ ጎን አደረገች። ከዚያ «የእኛ መንደር ሲወሰድ እኛንም ወዴት ትሄዳላችሁ ብሎ የጠየቀን አልነበረም» አለች። ተነስታ እትዬ ዘይነባን አቀፈቻቸው። እሳቸውም አቅፈው፣ ጀርባዋን እየመቱ፣ «በደንብ አልበላችም እኮ» አሉኝ።

አንቀጹ ተከፈተ። የእኔ ዓረፍተ ነገር እንዳለች፣ አንድ ቃል ሳይነካ ገባች፦ ማንም ሰው የሚሄድበት ቦታ ሳይዘጋጅለትና እሱ ራሱ ሳይጠየቅ አይነሳ። ያን ሰሞን ወልዲያ ላይ ስሄድ ትከሻዬ ሰፍቶ ነበር። ፀጉር ቆራጬ ስለ ወደቡ ሲጠይቀኝ እንኳ «ከወደብ የሚበልጥ ነገር ሠርተናል» አልኩት። ምላጩን ለጊዜው አነሳልኝ።

የሉባባ ከተማ መመሪያውን ከሁሉ ቀድማ ልሞክረው አለች። ከባሕሩ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አዲስ ሰፈር ተሠራ፤ ለሚነግዱ ሰዎች መንገድ ዳር በር ያላቸው ክፍሎችም ተዘጋጁ። እነዚያ ግን ጥቂት ናቸው። ይህን የሰማን ቀን እትዬ ዘይነባ ለጎረቤቱ ሁሉ ማንጎ አደሉ። የከተማው ሰዎች አስተርጓሚ ይዘው ቤት ለቤት መጠየቅ መጀመራቸውንም ሰማን። ሉባባ «ዛሬ ወደ እኔ ይደርሳሉ» ብላ የደወለች ዕለት እኔም ከወልዲያ ወረድኩ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ስልኩን ከበን ተቀመጥን።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ድምፁን ከፍ አድርገው ለሁላችንም አሰሙን። መጥተዋል? መጥተዋል። ጠየቁሽ? ጠየቁኝ። መንገድ ዳር በር ያላትን ክፍል ትፈልጊያለሽ ብለው ጠየቁኝ አለች ሉባባ። «እሺ፣ አንቺስ ምን አልሽ?» አሏት እናቷ። ሉባባ በጣም በቀጭን ድምፅ «ኧረ ሌሎቹ ይቅደሙ፣ ልጆች ያሏቸው አሉ አልኩ» አለች። «እነሱስ?» «እናመሰግናለን አሉኝ። አለፉ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው ወደ ሌላ መንደር ታጠፉ።»

እኔ መሬቱ ቢከፈትልኝ እገባ ነበር። እሱ ራሱ ሳይጠየቅ አይነሳ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ! ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ አልጻፍኩማ! ዛሬውኑ ለሊቀመንበሯ እጽፋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሯ ትስተካከላለች አልኩ። እትዬ ዘይነባ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። «የአንተ ጽሑፍ እስኪስተካከል ልጄ ባሕር ውስጥ ትደር?» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠየቋት፦ ሰዎቹ ነገም አሉ? ነገም አሉ፣ ያልተያዙ ክፍሎችም ጥቂት ቀርተዋል አለች። «እንግዲያስ ስሚኝ» አሏት። «ነገ በጠዋት ሂጂ። እነሱ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ። እፈልጋለሁ በይ። ለኔ ነው በይ።» ሉባባ ከወዲያ ማልቀስ ጀመረች። «እማ፣ እንዴት ብዬ? ምን ይሉኛል? ልጅ ያላቸው ሴቶች ፊት?» አለች። እንዴት አታልቅስ ትላላችሁ! እዚያ የተቀመጥነው ሁሉ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደታዘዘች እናውቃለን። ከበረሃው ይከብዳል፣ ከባሕሩም ይከብዳል።

እትዬ ዘይነባ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩና ሁለቱን እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። እኛም እጃችንን ዘረጋን። ዕድሜ ልካቸውን ልጃቸው ጨዋ እንድትሆን ሲለምኑ የኖሩ ሴት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ሉባባ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ያ አላህ፣ ልጄን ለነገ ጠዋት ብቻ ባለጌ አድርግልኝ!» አሉ።

ሁላችንም አሚን አልን፤ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።